ብድግ ያላልኩላቸው ሽማግሌ

ካስል፣ ጀርመን
መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለጋሼ አብተው፤

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎት። ጉልበትዎ፣ ስኳርዎ፣ ቤቱ፣ የአዳማ ሙቀት እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ስልክ ብደውል «ጮክ በይ!» ይሉኛል። ሠላሳ ዓመት መቂና ዓለም ጤና የሽንኩርት ማሳ ላይ የውሃ ፓምፕ ሲጠግኑ ጆሮዎን ሞተሩ ወስዶታል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ደብዳቤ ልጽፍ ነው። በቴሌግራም ለፎቶ ኮፒ ቤቷ ለዱሬቲ እልካለሁ፤ እሷ አትማ ትሰጥዎታለች። መልስዎንም ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። እንደምታነበው አውቃለሁ። ዱሬቲ፣ ሰላም ነሽ?

የነርስነት ትምህርቴ ሁለተኛ ዓመት ገባ። ኅዳር 10 የቃል ፈተና አለብኝ። የደረሰኝ ርእስ ሰው ሳያዘው ስለሚሠራው ነርቭ ነው። አስተማሪያችን «ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ካልቻላችሁ አልገባችሁም» ትላለች። እዚህ ለማን ላስረዳ? አብራኝ የምትኖረው ልጅ በሯን ዘግታ ትውላለች። እሑድ እሑድ የራሴን ድምፅ የምሰማው ዳቦ ቤት «አንድ» ስል ብቻ ነው። ስለዚህ ይስሙኝ።

እጅዎን «ተነሣ» ቢሉት ይነሣል። ልብዎን ግን «ምታ» ብለውት አያውቁም፤ ይመታል። ሆድዎ ይፈጫል፣ ቆዳዎ ያልባል፣ የዓይንዎ ብሌን ብርሃን ሲበዛ ይጠባል። ይህን የሚያሠራው ነርቭ ሁለት ወገን ነው። አንዱ ከደረትና ከወገብ አከርካሪ ይወጣል፤ የሚያስነሣው እሱ ነው። ልብ ያፈጥናል፣ ያስልባል፣ የደም ሥር ያጠብቃል፣ የሆድን ሥራ ያቆያል። ሌላው ከአንጎል ሥርና ከአከርካሪው ታችኛ ጫፍ ይወጣል፤ የሚያሳርፈው እሱ ነው። ልብ ያዘገያል፣ ምራቅ ያመጣል፣ ምግብ ያስፈጫል። ከነዚህ አንዱ ትልቅ ነርቭ በአንገት ወርዶ ልብና ሳንባን ነክቶ ሆድ ድረስ ይዘልቃል። ትእዛዙ በአንድ ነርቭ ብቻ አይደርስም፤ መንገድ ላይ መቀባበያ ቋጠሮ አለ፣ አንዱ እዚያ ያደርሳል፣ ሌላው ተቀብሎ ይወስዳል። ሆድ ደግሞ ለብቻው የራሱ መረብ አለው፤ ብዙ ነገር ማንንም ሳይጠይቅ ያደርጋል።

ገባዎት? ካልገባዎት እኔም አልገባኝም ማለት ነው።

የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ውስጥ አንድ ነገር አስቆኛል። ሽማግሌ ወደ ክፍሉ በገባ ቁጥር ብድግ እላለሁ። አለቃዬ «ወዴት ልትሄጂ ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? እርስዎ ያሳደጉት ጉልበት ነው፤ እኔ አላዘዝኩትም።

ጓደኛዎ ጋሽ ዲዳ እንዴት ናቸው? አሁንም በየቀኑ እየመጡ በዳማ ያታልሉዎታል?

ከእጅዎ ሥር የማትርቀው፣
ልዩ

---

አዳማ
ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእናትነሽ ልጅ፣ ለእኔም ልጄ ለሆንሽው ለልዩ፤

ሰላምታዬ እንደ አዳማ ንፋስ በየቀዳዳው ይግባልሽ። እኔ አምላክ ይመስገን አለሁ። ቤቱም እንደተውሽው ነው። አክስትሽ አበዛሽ ካረፈች ወዲህ ያልተነካ ብዙ ዕቃ አለ፤ እኔም አልነካው።

ትምህርትሽ ገብቶኛል። ናፍጣ ሞተር ላይ ገቨርነር የምንለው ክፍል አለ። ውሃው ዳገት መግፋት ሲጀምርና ሞተሩ ሲከብደው፣ ማንም ሳይነካው ራሱ ነዳጅ ይጨምራል። ሲቀለው ይቀንሳል። ገበሬው ጥላ ሥር ተኝቶ ውሃ የሚያጠጣው በሱ ነው። እግዜርም መካኒክ ነው ለካ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የማውቀው ሰው አለ። ተቀምጦ ደኅና ነው። ብድግ ሲል ግን ዓይኑ ይጨልማል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ቁጭ ካለ ይመለስለታል። ገቨርነሩ ተበላሽቶ ይሆን? ሰውየው ጠጪ አይደለም። ይህን አስምሪበት።

ሙቀቱ በርትቷል። ዱሬቲ «አካም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ በሉልኝ» ብላለች። ታነባለች ያልሽው እውነት ነው።

ክፉ አይንካሽ፤
አጎትሽ አብተው

---

ካስል
ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አብተው፤

በደብዳቤዎ ቤቱን አሸተትኩት። ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ።

ገቨርነሩን ለክፍል ጓደኞቼ ነገርኳቸው፤ አስተማሪዋ ሳትቀር ወደደችው። ስለ ሰውየው የጠየቁኝን ደግሞ መጽሐፌን ገልጬ ነው የምመልሰው።

ሰው ከተቀመጠበት ሲነሣ ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ ደም ወደ እግሩና ወደ ሆዱ ይወርዳል። ሁላችንም ላይ ይወርዳል። አንገት ውስጥ ባለው ትልቅ የደም ሥርና ከልብ በላይ ግን ግፊቱን የሚጠብቁ የነርቭ ጫፎች አሉ። ቀነስ ሲል ወዲያው ለአንጎል ሥር ያመለክታሉ። ያ የሚያስነሣው ወገን የእግርንና የሆድን ደም ሥሮች ያጠብቃል፣ ልብንም ያፈጥናል። ደሙ ወደ ላይ ይመለሳል። ይህ ሁሉ «ኖር» ብለን ሳንጨርስ ያልቃል። እኛ ለእንግዳ ስንነሣ፣ ውስጣችን ደግሞ ለእኛ ይነሣልናል ማለት ነው።

ነርቩ ከተጎዳ ግን ደሙ እዚያው እታች ይቀራል። አንጎል ይራባል፣ ዓይን ይጨልማል። ቀጫጭን ነርቮችን ቀስ እያለ ከሚበሉት አንዱ የቆየ ስኳር ነው። ስለዚህ ሰውየውን ይጠይቁልኝ፤ ስኳር አለበት? ሦስት ጉርሻ ሲበላ ይጠግባል? ምግብ ላይ ፊቱን ያልበዋል፣ እግሩ ግን ይደርቃል? ሽንት ያስቸግረዋል? ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊቱን ተኝቶም ቆሞም ያስለካ። ተቀምጦ ብቻ ቢለካ አይታወቅም።

ስለ ጋሽ ዲዳ ምንም አልጻፉልኝም።

ልዩ

---

አዳማ
ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለልዩ፤

በሄድሽበት ሁሉ መልካም ሰው ያጋጥምሽ። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። ፈተናሽ አለፈ አይደል? እንዴት ሆነ?

ሰውየውን ጠየቅሁልሽ። ስኳር አለበት፤ አሥራ ስድስት ዓመቱ። ሦስት ሳይሆን አራት ጉርሻ ላይ ይጠግባል። ሽሮ ሲበላ ግንባሩን ያልበዋል፤ ተረከዙ ግን ተሰነጣጥቋል። ስለ ሽንቱ መልስ አልሰጠኝም፤ ያፍራል። ጤና ጣቢያ ሄዷል። ተኝቶ 145፣ ቆሞ 92። ነርሷ ሁለቴ ለካችው። ሐኪሙ የግፊት ኪኒኑን ቀነሰለት፤ ደም ወደ ላይ የሚገፋ ረጅም ካልሲም አለ አለው። እዚህ አላገኘም። እዚያ ካገኘሽ ላኪለት። እግሩ 42 ነው።

ስለ ዲዳ አትጠይቂኝ። ከነሐሴ ወዲህ አልመጣም።

አብተው

---

ካስል
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፤

42 ቁጥር የእርስዎ ጫማ ነው። ስምንተኛ ክፍል እስክጨርስ በየቅዳሜው የቦረሽኩት እኔ ነኝ።

አልቆጣም ብዬ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ተቆጥቻለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው እኔን ያስተማሩኝ ማን ነው? እዚያ ቤት ብቻዎን ወድቀው ቢቀሩ በስንተኛው ቀን ነው የምሰማው?

ካልሲውን ልኬያለሁ፤ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ይዞታል። ጠዋት እግርዎን ከአልጋ ሳያወርዱ ይልበሱት። ሲነቁ ወዲያው አይነሡ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡ፣ የእግርዎን ጣት ወደ ላይ ወደ ታች ያድርጉ፤ የባት ሥጋ ደም ይገፋል፣ እሱ ደግሞ ይታዘዝልዎታል። ከመነሣትዎ በፊት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ። ቆመው ከጨለመብዎ እግርዎን አጠላልፈው ጭንዎን አጥብቀው ይያዙ፤ ካልሆነ ሳያፍሩ ይቀመጡ። ምሳ በልተው ወዲያው አይነሡ፤ ደሙ ሆድ ውስጥ ነው። ሆድዎንም በሰፊ ጨርቅ ጠበቅ አድርገው ይታጠቁ።

የእኔ ፈተና ተራዘመ።

ጋሽ ዲዳ ምን ሆነው ነው የቀሩት? ይንገሩኝ።

ልዩ

---

አዳማ
ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልዩ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። ካልሲው ደርሶኛል። ለመልበስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ስጨርስ የሚያልበኝ የሥራ ላብ ነው፣ የስኳር አይደለም። አባቴ ወገቡን በድግ ጠምጥሞ ሲታጠቅ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። አሁን እኔም ታጥቄያለሁ።

ትናንት በዓሉን ብቻዬን ዋልኩ። ዱሬቲ ዶሮ በሳህን ልካልኝ ነበር። አራት ጉርሻ።

የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ይህን ወረቀት ዱሬቲ ፊቷን አዙራ ፎቶ ታነሣለች፤ አስምያታለሁ።

ሐምሌ ላይ የዕድር ስብሰባ ነበር። ልናገር ብዬ ተነሣሁ። ጨለመብኝ። የነቃሁት የገንዘብ ያዡ እግር ሥር ነው። ሱሪዬ ርሷል። ከኋላ አንዱ «ዛሬስ ጋሽ አብተው ጨልጠውታል» አለ፤ ሳቁ። አበዛሽ ካረፈች ጀምሮ ሰባት ዓመት ጠብታ አልቀመስኩም። ወጥቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት መነሣት ፈራሁ።

ነሐሴ ላይ ዲዳ ታላቅ ወንድሙን ይዞ መጣ። ኦቦ ሰንበታን አታውቂያቸውም። በሃያ ዓመቴ የመፍቻ ሣጥን ይዤ፣ ሰው ሳላውቅ፣ ዓለም ጤና ስደርስ ቤታቸው አስገብተው ሰባት ወር ያኖሩኝ ናቸው። ዲዳን እንደ አባት ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ዘጠና ሊሞላ ነው። የልጅ ልጃቸው ሠርግ ነበርና «አብተውን በእግሬ ሄጄ ካልጠራሁ» ብለው በዱላ እየተደገፉ መጡ።

ምሳ በልቼ መጨረሴ ነበር። ቤት ውስጥ ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ። ኦቦ ሰንበታ ሲገቡ ሁለቱም «ኖር!» ብለው ተነሡ። እኔ የወንበሩን እጀታ ይዤ አሰብኩ። ብነሣ እወድቃለሁ። ሱሪዬ ይርሳል። እሳቸው ፊት፣ ዲዳ ፊት። እንደ ተቀመጥኩ እጄን ዘረጋሁ።

እጄን አዩት፤ ቆመው ቆዩ። ከዚያ ጨበጡኝ፣ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ሠርጉን ነገሩኝ፣ መረቁኝ። ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ። ዲዳ በር ላይ ተመልሶ «ወንድሜን ተቀምጠህ ተቀበልከው?» አለኝ። «አሞኝ ነው» ማለት ሁለት ቃል ነው። አልወጣልኝም። ሰካራም ከሚሉኝ፣ በሽተኛም ከሚሉኝ፣ ኩሩ ይበሉኝ ብዬ ነው መሰለኝ። ሠርጉም ላይ አልሄድኩም።

ዳማው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አለ። ቆርኪዎቹ አቧራ ጠጥተዋል። ተራው የሱ ነበር።

ለማንም እንዳትነግሪ።

አንቺስ? ተራዘመ ያልሽው ፈተና እውነት ተራዝሞ ነው?

አብተው

---

ካስል
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

ደብዳቤዎን ባቡር ውስጥ አነበብኩት፤ መውረጃዬን አለፍኩ።

አልተራዘመም። ወደቅሁ። ሦስት ሰዎች ፊት ቆምኩ። የሚያስነሣው ወገን ምን እንደሚያደርግ ልናገር አፌን ስከፍት፣ ራሱ ተነሥቶ እላዬ ላይ ሠራ። ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ መታ፣ አፌ ደረቀ፣ እጄ በላብ ራሰ። አንድም ቃል አልወጣኝም። እያንዳንዱን ምልክት በስሙ አውቀው ነበር። ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማታ ቤት ስገባ «እንዴት ሆነ?» የሚለኝ ሰው አልነበረም። ለእርስዎም ዋሸሁ። እኔም ያው ቤትዎ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ መደበቁን ሳይቀር ከእርስዎ ነው የወረስኩት።

መጋቢት 5 እንደገና እቀመጣለሁ። ትንፋሼን ወደ ውስጥ አጭር፣ ወደ ውጭ ረጅም እያደረግሁ እለማመዳለሁ። ሲያስወጡት ረዘም ካደረጉት የሚያሳርፈው ነርቭ ልብን ያዘገያል። ከማናዘው ሁሉ ትንሽ የምንደርስበት በዚህ በትንፋሽ በር ነው። ካለፍኩ ሐምሌ ላይ እረፍት አለኝ፤ እመጣለሁ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበል፤ ልጅነቴን ይቅር ይበሉ። ደም ሥሮቻችን ሳንነግራቸው ያውቃሉ። ሰው ግን ካልነገሩት አያውቅም። ጋሽ ዲዳ አንገታቸው ውስጥ የእርስዎን ግፊት የሚለካ ነገር የላቸውም። ኦቦ ሰንበታም አርጅተዋል። ይሂዱና ይንገሯቸው። ሁለት ቃል ነው ብለዋል።

ልዩ

---

አዳማ
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለልዩ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ምክርሽን ሰምቼ ነበር። ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ እያልኩ አንድ ወር አለፈ። የካቲት 21 ጠዋት ዱሬቲ ሱቋን ሳትከፍት መጣች። ኦቦ ሰንበታ አርፈዋል።

ዲዳ ሰው አልላከብኝም። ካልሲውን ለበስኩ፣ ታጠቅሁ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ዓለም ጤና ገባሁ። ድንኳኑ ጫፍ፣ ምሰሶው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አላናገረኝም።

ሰዎች አስከሬኑን ሊያነሡ ወደ ቤት ሲገቡ አየሁ። እኔ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ጀመርኩ። እግሬን ወደ ላይ ወደ ታች አልኩ። ምሰሶውን ያዝኩ። ሳጥኑ ከበሩ ሲወጣ ቆሜያለሁ። «ኖር!» አልኩ። ጆሮዬን ታውቂዋለሽ፤ ድምፄ ምን ያህል እንደ ሆነ አላውቅም፤ ሰው ሁሉ ዞረ። ዲዳም ዞረ።

ከዚያ መጨለም ጀመረ። እግሬን አጠላልፌ፣ ጭኔን አጥብቄ፣ ምሰሶው ላይ ተንጠለጠልኩ። አልቀመጥም አልኩ። ለዚህ ለአንድ ሰው እንኳ አልቀመጥም። ዲዳ የወንድሙን ሳጥን ትቶ መጥቶ ብብቴ ሥር እጁን አስገባ።

«ማል ታቴ?» አለኝ። ምን ሆንክ ማለቱ ነው።

«አሞኝ ነው። ስቆም ደሜ እታች ይቀራል፤ የሚመልሰው ነርቭ ሞቷል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሐምሌ።»

በጣቱ ቆጠረ። ሐምሌ፣ ነሐሴ። አየሁት፣ ገባው። አግዳሚው ላይ አስቀመጠኝና አጠገቤ ቁጭ አለ። ሳጥኑ ያለ እሱ ትንሽ ሄደ። ጆሮዬ ድረስ ጠጋ ብሎ እንድሰማው እንዲህ አለኝ፦

«ወንድሜ እስኪሞት ድረስ ‹አብተውን ምን በድዬው ነው?› ሲል ነበር።»

ልዩ፣ ይህን ግን ካልሲ አያነሣውም። በሕይወታቸው ሁለት ቃል ነፈግኋቸው፤ ለሬሳቸው ቆምኩ። የኔ ነገር ሁሌም ሰው ከሄደ በኋላ ነው።

ከሰልስቱ በኋላ ዲዳ መምጣት ጀምሯል። አጥሩ ጋ ሲደርስ «እንዳትነሣ!» ብሎ ይጮኻል። እኔ አልሰማም፤ መነሣት ስጀምር ደርሶ ትከሻዬን ይጫነኛል። ዳማውን ካቆምንበት ቀጠልን። እንደ ድሮው አያታልለኝም፤ በዚህ አዝናለሁ። ስለ ወንድሙ አናወራም። ሲሄድ ቤቱ ከበፊቱ ይልቅ ባዶ ይመስለኛል።

ሦስት ቀን ቀርቶሻል። ልብሽ ሲመታ አትፍሪው፤ ሊያስነሣሽ ነው። ትንፋሽሽን ረዘም አድርጊና ስለ እኔ ንገሪያቸው። አንድ ፓምፕ ጠጋኝ አለ በይ፣ ስሙ አብተው ነው፣ ሲነሣ ይጨልምበታል። ሱሪውንም ጨምሪ፤ ፈቅጃለሁ። ውጤቱን ብትወድቂም ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ከጻፍሽልኝ ጀምሮ ከልቤ አልወጣ አለ። እዚያ ሽማግሌ ሲገባ ብድግ ትያለሽ። ማታ ደክሞሽ ስትገቢ ለአንቺስ ማን ይነሣልሻል?

ሐምሌ ላይ ስትመጪ ዲዳ አትነሣ ይለኛል፤ አልሰማውም። ካልሲውን ለብሼ፣ ውሃዬን ጠጥቼ እጠብቅሻለሁ። ፈጥኜ ግን አልችልም። ሮጠሽ እንዳትገቢብኝ። እስክነሣ ድረስ በር ላይ ትንሽ ቆመሽ ጠብቂኝ።

አጎትሽ፣
አብተው